«ዝግጁ ነው» ካለ በኋላ፦ ቮልዩምን ከስናፕሾት ስለመመለስ

(ለሲስተም አስተዳዳሪዎችና ለሶፍትዌር ሠሪዎች ከተደረገ ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

ደህና አመሻችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ባክአፕ አይደለም። ባክአፕ መውሰዱን ሁላችሁም ታውቁበታላችሁ። ስናፕሾት፣ ማለትም የዲስኩ የአንድ ቅጽበት ቅጂ፣ በየሌሊቱ ይወሰዳል፣ ዳሽቦርዱ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይበራል፣ አለቃም ደስ ይለዋል። እኔ የመጣሁት ስለ መመለሻው መንገድ ላወራ ነው። ዲስክ ሲበላሽ ወይም አንድ ሰው የማይነካ ነገር ሲነካ፣ ከስናፕሾቱ ተነስቶ ሥራን እንደገና ስለማስጀመር። ክላውዱ ስለ ቮልዩሙ፣ ማለትም ስለሚያከራያችሁ ዲስክ፣ «ዝግጁ ነው» ካለበት ቅጽበት አንስቶ ደንበኛው ገብቶ እስኪጠቀም ድረስ ያለው ጊዜ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ይረዝማል። ወሬዬ በሙሉ ስለዚያ ጊዜ ነው።

ከታወቀ ታሪክ ልጀምር። የኮድ ማስቀመጫ አገልግሎቱን ጊትላብን የማያውቅ እዚህ ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ማታ ከዋናው ዳታቤዝ ወደ ተጠባባቂው የሚሄደው ቅጂ ተቋረጠባቸው። ባለሙያው የተጠባባቂውን የዳታ ፎልደር አጥፍቶ ቅጂውን ከአዲስ ሊጀምር ፈለገ። ትእዛዙን የሰጠው ግን ዋናው ሰርቨር ላይ ሆኖ ነበር። ባነነና ወዲያው አቆመው። ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ያህል ብቻ ነበር።

ከዚያ ወደ ባክአፖቹ ተሮጠ። በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው የዳታቤዝ ቅጂ የለም። ቅጂውን የሚያወጣው ፕሮግራም ቨርዥኑ ከዳታቤዙ ጋር ስለማይገጥም ሲከሽፍ ኖሯል። መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይልም መንገድ ላይ ውድቅ እየተደረገ ለማንም አልደረሰም። ያኔ የሚሠሩት ማይክሮሶፍት አዙር ላይ ነበር። የአዙር የዲስክ ስናፕሾት ለፋይል ሰርቨሮቹ በርቷል፤ ለዳታቤዝ ሰርቨሮቹ ግን አልበራም። ያዳናቸው አንድ ባለሙያ ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሙከራ ብሎ በእጁ የወሰደው የኤልቪኤም (የሊኑክስ ዲስክ ማስተዳደሪያ) ስናፕሾት ነው። በአጋጣሚ!

ይህን ታሪክ የሚያወራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማል። እኔን የሚስበኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ዳታው ተገኝቷል። ችግሩ፣ የተገኘው የሙከራ ሰርቨር ላይ መሆኑ ነው፤ የሙከራው ሰርቨር ደግሞ የተሠራው በርካሹና በቀርፋፋው ዲስክ ነው። ወደ ዋናው ለመገልበጥ 18 ሰዓት ገደማ ፈጀ። መልሶ ማቋቋሙን ዩቲዩብ ላይ በቀጥታ እያስተላለፉት ስለነበር ዓለም ቁጭ ብሎ ፋይል ሲገለበጥ ተመልክቷል። በኋላ ባወጡት ዘገባ ደግሞ በአዙር ስናፕሾት ላይ ብዙም የማይተማመኑበትን ምክንያት ጻፉ። ከአንዱ የስቶሬጅ አካውንት ወደ ሌላው ሲመለስ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጅ ነበር። አንድ ጊዜማ ከሳምንት በላይ ወስዶባቸዋል። ስናፕሾቱ ጤነኛ ነው፣ ምንም አልጎደለውም። ግን ሳምንት!

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። ምሳሌዬን የአማዞኑን የክላውድ ዲስክ አገልግሎት፣ ኢቢኤስን፣ አደርጋለሁ፤ በደንብ የተመዘገበ ነው፣ ብዙዎቻችሁም የምትነኩት እሱን ነው። (የቴሌቪዥን ጣቢያውን አይደለም የምላችሁ።) ኢቢኤስ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ቮልዩሙ የሚኖረው በአንድ ዞን (በአንድ የዳታ ሴንተር ስብስብ) ውስጥ፣ ለሰርቨራችሁ ቅርብ በሆነ ዲስክ ላይ ነው። ስናፕሾት ስትወስዱ ግን ብሎኮቹ፣ ማለትም ዲስኩ የተከፋፈለባቸው ትንንሽ ክፍሎች፣ ተገልብጠው ኤስ3 ወደሚባለው ትልቁ መጋዘን ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ስናፕሾት የተጻፈበትን ብሎክ ሁሉ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ያሉት የተለወጠውን ብቻ ነው የሚወስዱት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚፈራው ነገር አለ። «መሃል ያለውን ስናፕሾት ባጠፋው የኋለኞቹ ይበላሹብኛል» ይላል። አይበላሹም። እያንዳንዱ ስናፕሾት የሚያስፈልገውን የብሎክ ዝርዝር በሙሉ ይዟል። አንድ ብሎክ የሚጠፋው የሚጠቅሰው ስናፕሾት ከነጭራሹ ሲያልቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ለመመለስ የመጨረሻው ብቻውን ይበቃል፤ ሰንሰለቱን ከመጀመሪያው አንስቶ ማጫወት የለም።

እንግዲህ ወደ መመለሻው መንገድ። ከስናፕሾቱ ላይ «ቮልዩም ፍጠር» ትላላችሁ። 1 ቴራባይት ይሁን 10፣ ብዙም ሳይቆይ ዝግጁ ነው ይላችኋል። ከሰርቨሩ ጋር ታያይዙታላችሁ፣ ፋይሎቹን ስትዘረዝሩ ሁሉም አሉ። ደስ ይላል። እውነቱ ግን ዳታው ገና አልመጣም። ኤስ3 ውስጥ ነው ያለው። አንድ ብሎክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነበብ ነው ከዚያ የሚመጣው። ምግብ ቤት ገብታችሁ ሜኑው ላይ ሁሉም ነገር ተጽፎ፣ ስታዙ ግን ወጥ ቤት ገና ሽንኩርት እየተላጠ እንደሆነ ቁጠሩት። በእርግጥ አማዞን ከጀርባ ሆኖ ብሎኮቹን ቀስ በቀስ ያወርዳል። ደንበኛችሁ ግን እስኪያልቅ አይጠብቅም።

ይህ በዳታቤዝ ላይ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ላስረዳ። ዳታቤዙ ይነሳል። ሎጉ ላይ ስህተት የለም። የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ሲመጡ እያንዳንዱ ንባብ ከሩቅ መጋዘን ብሎክ ይጠብቃል። በሚሊሰከንድ ያልቅ የነበረ ጥያቄ ሰከንዶች ይፈጃል። ጥያቄዎቹ ይከማቻሉ፣ የኮኔክሽን ብዛት ጣሪያ ይነካል፣ አፕሊኬሽኑ ታይምአውት ይላል። ከዚያ አንድ ችኩል ሰው ተነስቶ «ሪስቶሩ ተበላሽቷል፣ እንደገና እንጀምር» ይላል። አዲስ ቮልዩም ይፈጠራል። የሞቀው፣ ማለትም ብሎኮቹ መውረድ የጀመሩለት ቮልዩም ተጥሎ፣ ምንም ያልወረደለት ቀዝቃዛው ይተካል። ቆጣሪው እንደገና ከዜሮ! በእኔ እይታ ከስናፕሾት በመመለስ ሥራ ውስጥ ትልቁ የጊዜ ብክነት ይኸው ነው። ምክንያቱም ዘዴው ትክክል ነበር፤ ያልታወቀው የሚጠበቀው ጊዜ ነው።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። ጂፒ3 የሚባለው የተለመደው የቮልዩም ዓይነት መነሻ ፍጥነቱ በሰከንድ 125 ሜጋባይት ነው። 1 ቴራባይት ሙሉ ዲስክ በዚህ ፍጥነት ተነብቦ ለማለቅ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ነገር ሲሳካ ነው። ከኤስ3 የሚመጣ ብሎክ ብዙ ጊዜ በዚህ ፍጥነት አይመጣም፣ ስለዚህ ከዚህ በላይ ቁጠሩ። አለቃችሁ «ስንት ሰዓት ላይ እንነሳለን?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ይህ ቁጥር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር።

መፍትሔው ምንድን ነው? ነፃው መንገድ ቮልዩሙን ለደንበኛ ከመክፈታችሁ በፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ ማንበብ ነው። ዲዲ በሚባለው ትእዛዝ ሙሉውን ዲስክ አንብባችሁ የትም መጣል። ኤፍአይኦ የሚባለው መሣሪያ ብዙ ንባብ በአንዴ ስለሚያስኬድ ይፈጥናል። ዲዲን የምትጠቀሙ ግን «ኢፍ»ንና «ኦፍ»ን አደራ። ማንበቢያውና መጻፊያው ከተገለባበጡ ያወጣችሁትን ዲስክ በገዛ እጃችሁ ትደመስሱታላችሁ፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደግሞ ሁለቱ ፊደሎች በጣም ይመሳሰላሉ።

ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ከሌላችሁ ምረጡ። የ5 ዓመት የኦዲት ሎግ አሁን ማንም አይጠይቀውም። የተጠቃሚዎቹን ሰንጠረዥ፣ የሂሳቡን ሰንጠረዥና ኢንዴክሶቻቸውን መጀመሪያ አንብቡ። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ለዚህ ፒጂ ፕሪዋርም የሚባል መሣሪያ አለው።

የሚከፈልበት መንገድም አለ። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2019 ፋስት ስናፕሾት ሪስቶር የሚለውን አወጣ። ይህን ያበራችሁለት ስናፕሾት ላይ የሚፈጠር ቮልዩም ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ሙሉ ፍጥነት አለው። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። በቨርጂኒያው ሪጅን (ብዙ ዞኖችን በያዘው አካባቢ) ለአንድ ስናፕሾት፣ በአንድ ዞን፣ በሰዓት 0.75 ዶላር ነው። በወር 540 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ሁለት ዞን ከሆነ እጥፍ። ደግሞም አደጋው ከደረሰ በኋላ ልታበሩት ብትሉ ለእያንዳንዱ ቴራባይት 60 ደቂቃ ያህል ይዘጋጃል። ፈጣን ቮልዩም የሚሰጠው ቁጥርም የተገደበ ነው፤ ለ1 ቴራባይት ስናፕሾት በሰዓት አንድ ነው። አስር ሰርቨር በአንዴ አነሳለሁ ያለ ሰው ዘጠኙ ቀዝቃዛ ይሆኑበታል። በ2025 ደግሞ ብሎኮቹ የሚወርዱበትን ፍጥነት ከፍላችሁ የምትወስኑበት ምርጫ መጣ፣ በሰከንድ ከ100 እስከ 300 ሜጋባይት። ለአብዛኞቻችን የሚሻለው ይኸኛው ይመስለኛል። ወር ሙሉ ከመክፈል በሚያስፈልግ ቀን መክፈል።

ርካሹን ማኅደርም ተጠንቀቁ። ስናፕሾትን ወደ አርካይቭ ማዛወር ይቻላል፣ ወጪው በጣም ይቀንሳል። ከዚያ ለማውጣት ግን ከ24 እስከ 72 ሰዓት ይፈጃል። ለኦዲተር ጥሩ ነው። ዛሬ ለወደቀ ሲስተም አይሆንም።

ስለ ቦታ በአጭሩ። ስናፕሾት የሪጅን ነው፣ ቮልዩም ግን የዞን ነው። ሰርቨሩ አንዱ ዞን ሆኖ ቮልዩሙን ሌላኛው ውስጥ ከፈጠራችሁት አይያያዝም፤ ደምስሳችሁ እንደገና ትፈጥራላችሁ። ወደ ሌላ ሪጅን፣ ለምሳሌ ከባሕሬን ወደ ኬፕታውን፣ መጀመሪያ ስናፕሾቱን መገልበጥ አለባችሁ። ይህንን በሰላሙ ቀን አድርጉት። የተመሰጠረ ከሆነ ቁልፉም የሪጅን ነው። ቁልፍ እንዳትሰርዙ፣ ከተሰረዘ ስናፕሾቱ ቆሻሻ ነው። አማዞን ቁልፍ ሲሰረዝ ከ7 እስከ 30 ቀን የሚያስጠብቀው ለዚህ ነው። ሰዎች «የማንጠቀምበት ቁልፍ» ብለው የሚያጸዱት አንዳንዴ የአምናውን ስናፕሾት የሚከፍተው ነው።

ቮልዩሙ ሞቆ ሲያበቃ ማያያዝ ይመጣል። እዚህም እሾህ አለ። ከስናፕሾት የተፈጠረ ዲስክ የዋናው መንታ ነው፣ መለያ ቁጥሩ ሳይቀር አንድ ነው። ኤክስኤፍኤስ የተባለው ፋይል ሲስተም ያላችሁ፣ አዲሱን ቮልዩም ከአሮጌው ጎን እዚያው ሰርቨር ላይ ማውንት ልታደርጉ (ልትከፍቱ) ስትሉ እምቢ ይላችኋል፤ ተመሳሳይ መለያ አይቷል። «ኖዩዩአይዲ» የሚለውን አማራጭ ስትሰጡት ይቀበላል። ኢኤክስቲ4 ግን ዝም ብሎ ይቀበላል፣ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ሰርቨሩ ሪስታርት ሲል ከሁለቱ መንታዎች የትኛውን እንደሚያነሳ እርግጠኛ መሆን አትችሉም። አሮጌው ተነስቶ እናንተ አዲሱ ላይ ያላችሁ መስሏችሁ ሰዓታት ልትሠሩ ትችላላችሁ። ስለዚህ ፋይል ፈልጋችሁ ከሆነ ሌላ ሰርቨር አስነስታችሁ እዚያ ክፈቱት። ሰርቨሩ ሲነሳ የሚከፍታቸው ዲስኮች በተዘረዘሩበት ፋይል፣ ኤፍኤስታብ ውስጥም፣ «ኖፌይል» ጻፉ፤ አለበለዚያ ዲስኩ የጠፋ ቀን ሰርቨሩም አብሮ አልነሳም ይላል።

የተበላሸውን ቮልዩም አትደምስሱት። አላቁት፣ ስሙን ቀይራችሁ አስቀምጡት። ከእሱ የሚወጣ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ከስናፕሾቱ በኋላ የተጻፈው ዳታ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

የዳታው ጤንነት ሌላ ጉዳይ ነው። ሰርቨሩ እየሠራ የተወሰደ ስናፕሾት መብራት ድንገት በሄደበት ቅጽበት እንደነበረው ዲስክ ነው። ፖስትግሬስና የማይኤስኪውኤል ኢኖዲቢ ከዚህ መነሳት ያውቁበታል፤ የጻፉትን መዝገብ አንብበው ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ችግሩ ዳታው በአንድ ቮልዩም፣ መዝገቡ በሌላ ቮልዩም ሲሆን ነው። ሁለቱ ስናፕሾቶች በ30 ሰከንድ ቢለያዩ ዳታውና መዝገቡ የተለያየ ዘመን ይናገራሉ። ኢቢኤስ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የአንድ ሰርቨር ቮልዩሞችን በሙሉ በአንድ ቅጽበት ማንሳት ይቻላል። ያንን ተጠቀሙ። የራሳችሁ ስክሪፕት በተራ በተራ የሚያነሳ ከሆነ ነገ ጠዋት ቀይሩት።

በራሳችሁ ዳታ ሴንተር ኦፕንስታክ የተባለውን የክላውድ መሥሪያ ሶፍትዌር የምታሠሩ ካላችሁ ታሪኩ ይገለበጣል። ከጀርባው ሴፍ የተባለው የስቶሬጅ ሲስተም ካለ፣ ከስናፕሾት የሚፈጠር ቮልዩም ወዲያው ይነሳል፣ ፍጥነቱም ጥሩ ነው። ምክንያቱም ዳታው የትም አልሄደም። ስናፕሾቱም ቮልዩሙም ያሉት እዚያው ክላስተር ውስጥ ነው። አዲሱ ቮልዩም በአባቱ ላይ ተደግፎ የሚኖር ልጅ ነው። እስኪለያዩ ድረስ አባቱን ማጥፋት አይቻልም። ዋጋው ደግሞ ክላስተሩ ራሱ ሲሞት አባትም ልጅም አብረው መሄዳቸው ነው። ስለዚህ የሲንደር (የኦፕንስታክ የዲስክ ክፍል) ስናፕሾት «አፕዴት ልሠራ ነው፣ ከተበላሸ ልመለስ» ለሚለው ግሩም ነው። ለእሳት ግን አይሆንም። እሳት ስል በቁሙ ነው፦ እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 ስትራስቡርግ ያለው የኦቪኤች ዳታ ሴንተር ተቃጠለ። ባክአፓቸውን እዚያው ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች ሁለቱንም አጡ።

ከእሳት የሚብሰው ግን ሰው ነው። ኮድ ስፔስስ የሚባል ድርጅት ነበር። በጁን 2014 አንድ ሰው የክላውድ መቆጣጠሪያቸው ውስጥ ገብቶ ገንዘብ ጠየቀ። ሊያስወጡት ሲሞክሩ ማጥፋት ጀመረ። ሰርቨር፣ ዲስክ፣ ስናፕሾት፣ ሁሉም በአንድ አካውንት ውስጥ ስለነበር ሁሉም ለእጁ ቅርብ ነበር። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ ተዘጋ። ዛሬ አማዞን ላይ የተሰረዘ ስናፕሾት የሚቆይበት ሪሳይክል ቢን አለ፣ ከ2023 ጀምሮም ስናፕሾትን እንዳይሰረዝ መቆለፍ ይቻላል። እኔ ግን አንድ ቅጂ በሌላ አካውንት፣ የዋናው አካውንት አስተዳዳሪ መሰረዝ በማይችልበት ቦታ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አሁን ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ላንሳ።

አንዲት እህት «የተመለሰው ሰርቨር ሲነሳ ምን ልጠብቅ?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። የተመለሰው ሰርቨር ዛሬ ስንት ቀን እንደሆነ አያውቅም። ስናፕሾቱ በተወሰደበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ትናንት ማታ 6 ሰዓት ላይ ነው ያለው። ወረፋ ላይ የነበረ ኤስኤምኤስ ካለ እንደገና ይልካል። በቴሌብር ወይም በባንክ የተከፈለ ክፍያ በእሱ መዝገብ ላይ «ገና በሂደት ላይ» ሊሆን ይችላል፤ እንደገና ልጠይቅ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ውጭ መውጫ በሌለው ኔትወርክ ውስጥ አስነሱት። በሰዓቱ በራሱ እንዲጀምር የተያዘለትን ሥራ ሁሉ አጥፉ። ክፍያዎቹን ከባንኩ ዝርዝር ጋር አስታርቁ። ከዚያ በሩን ክፈቱ። አንድ ነገር ልጨምር። መለያዬ ይጥፋልኝ ብሎ ያጠፋችሁለት ደንበኛ በስናፕሾቱ አብሮ ይመለሳል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሕግም ጉዳይ ነው። የማጥፊያ ጥያቄዎችን ዝርዝር ከዳታቤዙ ውጭ አስቀምጡ፣ ከተመለሰ በኋላ እንደገና አስፈጽሙት።

ሌላው «ልምምዱን በየስንት ጊዜ? በጀት የለንም» ያለው ወንድማችን ነው። ስሌቱን ልንገርህ። ጂፒ3 በቨርጂኒያ ለ1 ጊጋባይት በወር 0.08 ዶላር ነው። 1000 ጊጋባይት ቮልዩም ፈጥረህ ለ4 ሰዓት ብታቆየው ከግማሽ ዶላር በታች ነው። የሰርቨሩን ሰዓት ብትጨምርበት እንኳ የሚያስደነግጥ ሂሳብ አይደለም። የሚያስወጣው የሰው ጊዜ ነው። በሦስት ወር አንዴ ግማሽ ቀን ያዙ። ሲስተሙን የሠራው ሰው አይሥራው፤ በቅርብ የተቀጠረው በተጻፈው መመሪያ ብቻ ይሞክር፣ ሠሪው ዝም ብሎ ይይ። «ዝግጁ ነው» ያለበትን ሰዓት አንድ ወረቀት ላይ፣ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ገብቶ ሥራውን የጨረሰበትን ሰዓት ከሥሩ ጻፉ። ለአለቃ የሚሰጠው ቁጥር በሁለቱ መካከል ያለው ነው።